የአቧራ ቅንቅንና የልጆቻችን ትንፋሽ

 

ሌሊት ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ተኝቷል። ከልጆቹ አንዱ ግን ያስላል። እናት ተነስታ ጀርባውን ታሻሸዋለች፣ ለብ ያለ ውሃ ታጠጣዋለች፣ ብርድ እንዳያገኘው ስትልም አንድ ብርድ ልብስ ትደርብለታለች። ጥቂት ቆይቶ ከደረቱ ውስጥ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ይሰማል። ሲነጋ አባት ለሱብሒ ሶላት ተነስቶ ገና ውዱእ ሳያደርግ ሰባትና ስምንት ጊዜ ያስነጥሳል፤ ዓይኑን ያሻል፤ አፍንጫው ይዘጋል። ረፋዱ ላይ ሁለቱም ይሻላቸዋል። ልጁ ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር ሲሯሯጥ ያየ ሰው ታሞ ያደረ አይመስለውም። በማግስቱ ሌሊት ግን ያው ይደገማል።

ይህ በብዙዎቻችን ቤት የሚታይ ነገር ነው። ጎረቤት «ብርድ መቶት ነው» ይላል። ዘመድ «ሳይነስ ነው፣ ሲያድግ ይለቀዋል» ይላል። አንዳንዱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቤቱ ንጽሕና ቢጎድለው ነው» በማለት ነገሩን ሁሉ በእናት ላይ ያላክካል። ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ ያደረችው እናትም በበሽታው ላይ ሐሜቱ ይታከልባታል።

በዚህ ወር ጽሑፋችን ልናነሳ የወደድነው ስለዚሁ ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለውን ሳልና ማስነጠስ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ በዓይን የማይታይ፣ በመኝታችን ውስጥ የሚኖር ፍጡር ነው። ይህን ፍጡር ያወቀ ሰው ሁለት ነገር ያተርፋል። አንደኛ፣ ጥፋቱን በሰው ላይ ከመጫን ይቆጠባል። ሁለተኛ፣ ጉልበቱንና ገንዘቡን የት ላይ ማዋል እንዳለበት ይረዳል።

ይህ ፍጡር ምንድን ነው?

ሐኪሞች «ማይት» ይሉታል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ የአቧራ ቅንቅን እንለዋለን። ስምንት እግር ያለው፣ የመዥገርና የሸረሪት ዘመድ የሆነ ጥቃቅን ፍጡር ነው። ርዝመቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሲሶ ያህል ብቻ በመሆኑ ያለ ማጉያ መሣሪያ ለይቶ ማየት አይቻልም። እንደ ቁንጫና እንደ ትኋን አይነክስም፤ ደም አይመጥም፤ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው በሽታ አያስተላልፍም።

ታዲያ ምን ይበላል? ከሰው ገላ ላይ በየዕለቱ የሚረግፈውን የቆዳ ቅርፊት ይበላል። ይህ ቅርፊት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚጠራቀመው ሌሊቱን ሙሉ ተኝተን በምናድርበት ፍራሽ፣ ትራስና ብርድ ልብስ ውስጥ ነው። ስለዚህ የቅንቅኑ ዋና መኖሪያ መኝታችን ነው። ከዚያ በኋላ ወፍራም ምንጣፍ፣ የመጅሊስ መከዳ፣ የጨርቅ ሶፋና ከልጆች ጋር የሚተኛው የጨርቅ አሻንጉሊት ይከተላሉ።

ችግር የሚፈጥረው ቅንቅኑ ራሱ ከመሆን ይልቅ በይበልጥ ኩሱ ነው። አንዱ ቅንቅን በቀን እስከ 20 የሚደርስ የኩስ ቅንጣት ይጥላል። በዚህ ኩስ ውስጥ የሚገኘው የምግብ መፍጫ ፕሮቲን አለርጂ ያለበት ሰው አፍንጫና ሳንባ ውስጥ ሲገባ የሰውነት መከላከያ ኃይል እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። በዚህም ምክንያት አፍንጫ ይፈሳል ወይም ይዘጋል፣ ዓይን ያሳክካል፣ ችፌ ያለበት ልጅ ቆዳው ይብስበታል፣ አስም ያለበት ደግሞ የትንፋሹ ቧንቧ ይጠባል። ራሱን ትራስ ውስጥ ቀብሮ የሚያድር ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ይህንኑ ሲተነፍስ ያድራል። ሌሊትና ማለዳ ላይ የሚብሰው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የቤት አቧራ አስም እንደሚቀሰቅስ ሐኪሞች ከጠረጠሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። አቧራው ውስጥ ያለው ተጠያቂ ይህ ቅንቅን መሆኑን ያመለከቱት ግን በኔዘርላንድ የላይደን ከተማ ተመራማሪዎች የሆኑት ፎርሆርስትና ስፒክስማ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1964 ዓ.ም. ነው።

የእናት ጥፋት ነውን?

አይደለም። ቅንቅኑ የቆሸሸ ቤት ምልክት አይደለም። የሰው ቆዳ፣ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ሁሉ ይኖራል። በየቀኑ በሚጠረግና በሚወለወል ቤት ውስጥም በፍራሹ ሆድ ይራባል። እንዲያውም ቤቱን ለማሳመር ተብሎ ወፍራም ምንጣፍ በምንጣፍ ላይ የተደራረበበት፣ መከዳው የበዛበትና መጋረጃው የከበደበት ክፍል ከባዶ ሲሚንቶ ወለል ይልቅ ይመቸዋል። ከዐረብ አገር እህት ወይም ልጅ የላከችው ያ ወፍራም ብርድ ልብስ ሙቀቱ ደስ ቢልም፣ በዓመት አንዴ እንኳ ካልታጠበ ከሁሉ የሚስማማው ቤቱ ነው።

በሌላ በኩል ቅንቅኑ ያለበት ሰው ሁሉ ይታመማል ማለትም አይደለም። በአንድ ፍራሽ ላይ ከሚተኙ ወንድማማቾች አንዱ ሲታመም ሌላው ደህና ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ያለው በሰውነታቸው ተፈጥሮ ላይ ነው።

የአገራችን የጅማ ጥናት ይህንን ጉዳይ በሚገባ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመው ይህ ጥናት በጅማ ከተማና በአካባቢዋ ገጠር ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ነበር። ውጤቱም አስምና የሚያፏጭ ትንፋሽ ከገጠሩ ይልቅ በከተማው ሰው ላይ በዝቶ መታየቱ ነው። ለቅንቅኑ ቆዳቸው ምላሽ የሚሰጥ ሰዎች በገጠርም በከተማም ተገኝተዋል፤ ነገር ግን ይህ ምላሽ ከአስም ጋር ተያይዞ የታየው በከተማው ነዋሪ ላይ ነው። ይኸውም ቅንቅኑ ብቻውን ሁሉን ነገር አይወስንም፣ የአኗኗር ለውጥም ድርሻ አለው ማለት ነው። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ የተወሳሰበ ሆኖ ሳለ አንዲትን እናት «አንቺ ነሽ» ማለት ከእውቀትም ከፍትሕም የራቀ ነው።

ከፍታ ያድነናልን?

«አዲስ አበባ ደጋ ናት፣ እንዲህ ያለ ነፍሳት በብርድ አይኖርም» የሚል አይጠፋም። በእርግጥ በአውሮፓ ከፍተኛ ተራሮች ላይ፣ ለምሳሌ በስዊዘርላንድ ዳቮስ፣ ቅንቅኑ በጣም ጥቂት ነው። የአስም ሕመምተኞችም ለመታከም ወደዚያ ይሄዱ ነበር። ምክንያቱ ግን ከፍታው ራሱ ሳይሆን የአየሩ ደረቅነት ነው።

ቅንቅኑ ውሃ አይጠጣም። የሚያስፈልገውን ውሃ ከአየር እርጥበት ይስባል። የአየሩ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ሆኖ ከቆየ እየደረቀ ይሞታል፤ ከ70 በመቶ በላይ ሲሆን ደግሞ ይራባል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ግድም ላይ በምትገኘው የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ እንኳ አየሩ እርጥብ በመሆኑ ቅንቅኑ በቤቶች ውስጥ ይገኛል። እኛም ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምታችን እንዴት እንደሆነ እናውቃለን። ግድግዳው ያልባል፣ ልብስ አይደርቅም፣ ጥግ ጥጉ ይሻግታል። በዚያ ላይ መስኮቱ በተዘጋ አንድ ክፍል ውስጥ አምስትና ስድስት ሰው ተንፍሶ ሲያድር፣ ሙቀቱም እርጥበቱም ለቅንቅኑ ይሟላለታል።

ከየት እንጀምር?

ቤቱን በሙሉ ከቅንቅን ማጽዳት አይቻልም፤ መሞከሩም ያደክማል። የሚቻለውና የሚጠቅመው የታመመው ሰው ከሚተኛበት ቦታ መጀመር ነው። ልጁ በቀን ውስጥ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ፊቱን አስጠግቶ የሚቆየው ትራሱና ፍራሹ ላይ ነውና። ሳሎኑ ለእንግዳ ሲባል ከመወልወሉ በፊት የልጁ መኝታ ይቅደም። ቅደም ተከተሉም የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ሙቅ ውሃ። አንሶላ፣ የትራስ ልብስና ሊታጠብ የሚችል ብርድ ልብስ በየሳምንቱ፣ ካልሆነም በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ በሙቅ ውሃ ይታጠብ። ቀዝቃዛ ውሃና ሳሙና ኩሱን በአብዛኛው ያጥባል፤ ቅንቅኑን ግን አይገድልም። የሚገድለው 60 ዲግሪ ገደማ የሚደርስ ሙቀት ነው። መለኪያ ለሌለን ሰዎች ቀላል ዘዴ አለ። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሁለት እጅ የፈላ ውሃ ከአንድ እጅ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ከ60 ዲግሪ ጥቂት ያልፋል። ልብሱን በዚህ ውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ዘፍዝፎ፣ ከዚያ እንደተለመደው ማጠብ ነው። ይህ ውሃ ገላን ስለሚያቃጥል ልጆች በአካባቢው እንዳይኖሩ፣ ልብሱም በእንጨት እንጂ በእጅ እንዳይነካካ አደራ እንላለን።

ሁለተኛ፣ ፀሐይ። እናቶቻችን በበጋ ፍራሽና ምንጣፍ አውጥተው ሲያሰጡ ኖረዋል። ይህ ልማድ ከመልካምነቱም በላይ በጥናት የተደገፈ ነው። በአውስትራሊያ ሲድኒ እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. የወጣ አንድ ጥናት፣ በሞቃትና ደረቅ ቀን ለሰዓታት በቀጥታ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ምንጣፍ ውስጥ የነበሩት ቅንቅኖች በሙሉ መሞታቸውን አሳይቷል። በመሆኑም ፍራሹን፣ ትራሱንና ምንጣፉን ረፋድ ላይ አውጥቶ እኩለ ቀን ሲሆን ማገላበጥ፣ አመሻሹ ላይ ጤዛ ሳይወርድ ማስገባት ያስፈልጋል። አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም። ፀሐይ ቅንቅኑን ትገድላለች እንጂ ኩሱን አታስወግድም። ስለዚህ ከማስገባታችን በፊት እዚያው ደጅ በዱላ መምታትና ማራገፍ የግድ ነው። ይህን የሚሠራው ጤነኛ ሰው ይሁን፤ አፍንጫና አፉንም በነጠላ ወይም በሻሽ ይሸፍን። የታመመው ልጅ ከአካባቢው ራቅ ይበል።

ሦስተኛ፣ ሽፋን። አዲስ ፍራሽ ሲገዛ ተጠቅልሎበት የሚመጣውን ፕላስቲክ ብዙዎቻችን ሳናወልቅ እንተኛበታለን፤ ሌሎችም «የድህነት ምልክት ነው» ብለው ይስቁብናል። አይሳቁብን! ወፍራምና ያልተቀደደ ፕላስቲክ ከላይም ከታችም በደንብ ተዘግቶ፣ በላዩ አንሶላ ከተነጠፈበት፣ በፍራሹ ውስጥ ያለው ቅንቅንና ኩሱ ወደ ተኚው እንዳይወጣ ያግደዋል። ፕላስቲኩን በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይበቃል። ነገር ግን ስስና የሚላቀቅ ፕላስቲክ ለሕፃናት የመታፈን አደጋ ስላለው በሕፃን መኝታ ላይ ፈጽሞ አይደረግ።

አራተኛ፣ ማቅለል። ከታመመው ልጅ ክፍል ወፍራሙን ምንጣፍ ማንሳት፣ ትርፍ ብርድ ልብስና ጋቢ ቁም ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ፣ ከአልጋ በታች የተጠቀጠቀውን አሮጌ ልብስ ማውጣት ይገባል። የፕላስቲክ ምንጣፍ ወይም ባዶ ወለል ለመወልወል ይመቻል። ልጁ አቅፎት የሚተኛው የጨርቅ አሻንጉሊት ካለ መታጠብ አለበት። ፍሪዘር ያላቸው ቤተሰቦች በፌስታል ጠቅልለው አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት በረዶ ውስጥ ካኖሩት ቅንቅኑ ይሞታል፤ ከዚያ ይታጠባል።

አምስተኛ፣ አየር። ጠዋት እንደተነሳን አልጋውን ወዲያው ጥርቅም አድርጎ ከመሸፈን ይልቅ ብርድ ልብሱን ገልጦ፣ መስኮቱን ከፍቶ እርጥበቱ እንዲወጣ ማድረግ ይጠቅማል። እርጥብ ልብስ በመኝታ ክፍል ውስጥ አይሰጣ። አልጋውም ከሚያልበው ግድግዳ አንድ ስንዝር ራቅ ይበል። በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ አቧራውን ወደ አየር ስለሚያነሳው በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይሻላል። ከባዱ ቅንጣት ተመልሶ እስኪያርፍ ግማሽ ሰዓት ያህል ስለሚወስድ ልጁ እስከዚያ ድረስ ወደ ክፍሉ ባይገባ ይመረጣል።

መስገጃና መኝታ

ለእኛ ለሙስሊም ቤተሰቦች ልዩ ትኩረት የሚሻ ነገር አለ። ሱጁድ ስናደርግ ግንባራችንና አፍንጫችን መስገጃውን ይነካል። አለርጂ ያለበት ሰው አቧራ በጠጣ ወፍራም ስጋጃ ላይ ሲሰግድ ሊያስነጥስና ሊያስል ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ስስ፣ የሚታጠብ የጥጥ መስገጃ መያዝና እንደ አንሶላው ሁሉ በየጊዜው ማጠብ ይቻላል። ወደ መስጊድ ሲኬድም ይዞ መሄድ ነውር የለበትም። የመስጊድ ኮሚቴዎችም በበጋ ወራት ምንጣፉን በየተራ አውጥተው ፀሐይ ቢያስመቱት ለሰጋጁ ሁሉ ውለታ ነው።

ከመተኛታችን በፊት መኝታችንን ማራገፍ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የተማርነው ሱና ነው። ይህን ስንል ሐዲሱ ስለ ቅንቅን ይናገራል ማለታችን አይደለም። ነገር ግን መኝታ ዕለት ዕለት ሊታይ የሚገባው ቦታ መሆኑን ከልጅነታችን አስተምሮናል። አስም ላለበት ልጅ መኝታውን ሌላው የቤተሰብ አባል ቀደም ብሎ ቢያራግፍለት ሱናውም ይፈጸማል፣ ልጁም አቧራውን አይተነፍስም።

ዕጣንና በኹርን በተመለከተም አንድ ቃል እንጨምር። ጭሳቸው አለርጂ ባይሆንም የታመመን ሳንባ ይቆጠቁጣል። ቡና ሲፈላ ከሰሉና ዕጣኑ አስም ካለበት ልጅ መኝታ ርቆ፣ መስኮትና በር በተከፈተበት ቦታ ይሁን። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማሳደር ደግሞ ለጤነኛውም ሰው ሕይወት አደገኛ ነው።

ሌሎቹስ?

አለርጂ ቀስቃሽ ቅንቅን ብቻ አይደለም። የበረሮ ኩስና ገላ፣ በእርጥብ ግድግዳ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ፣ እንዲሁም ድመት አሉበት። የድመት አለርጂ ከምራቋና ከቆዳዋ የሚመጣ ሲሆን፣ ድመቷ ከቤት ከወጣች በኋላም በምንጣፍና በሶፋ ላይ ለወራት ይቆያል። ድመትን መንከባከብ መልካም ነው፤ ነገር ግን ለድመት አለርጂ ያለበት ልጅ አልጋ ላይ እንድትተኛ ባይፈቀድ ይሻላል። ምግብ ከድኖ ማደር፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ማስጠገን በረሮን ይቀንሳል። በየክፍሉ የተባይ መርዝ መንፋት ግን ፍራሹ ውስጥ ያለውን ቅንቅን ብዙም አይነካም፤ ሽታው ግን የአስም ሕመምተኛውን ሊያስነሳበት ይችላል።

አንዱን ብቻ ሠርቶ አርፎ አለመቀመጥ

ይህን ሁሉ ስንል አንባቢያችንን ማታለል አንፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. የዴንማርክ ተመራማሪዎች ከ50 በላይ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ቅንቅንን ለመቀነስ የተሞከሩት ዘዴዎች በጥቅሉ ለአስም ሕመምተኞች የረባ ለውጥ እንዳላመጡ ጽፈዋል። ብዙዎቹ ሙከራዎች በአንድ ዘዴ ብቻ፣ ለምሳሌ በፍራሽ ሽፋን ወይም በመርጫ መድኃኒት፣ ላይ ያተኮሩ ነበሩ። በሌላ በኩል በአሜሪካ ሰባት ከተሞች የሚኖሩ 937 አስም ያለባቸው ሕፃናት ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2004 ዓ.ም. የታተመ ጥናት አለ። በዚህ ጥናት ለእያንዳንዱ ልጅ አለርጂው ምን እንደሆነ ታውቆ፣ መኝታውም፣ በረሮውም፣ ጭሱም በአንድነት ሲታሰብባቸው ልጆቹ የሚታመሙባቸው ቀናት ቀንሰዋል።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ብዙ ሺህ ብር አውጥቶ አንድ ውድ ዕቃ ገዝቶ ከመቀመጥ ይልቅ፣ ጥቂት ጥቂቱን በአንድነትና ሳያቋርጡ መሥራት ይጠቅማል። የሚቻል ከሆነም ልጁ በእርግጥ ለምን አለርጂ እንዳለበት በሐኪም ማስመርመር ጉልበትም ገንዘብም ያድናል።

ከሁሉም በላይ ግን ጽዳት የመድኃኒት ምትክ አይደለም። በአፍ የሚሳበው፣ ብዙዎቻችን «ፓፍ» የምንለው መድኃኒት «ሱስ ያስይዛል» እየተባለ ሲወራ እንሰማለን። ይህ ስሕተት ነው፤ ሱስ አያስይዝም። አንዱ ዓይነት የጠበበውን ቧንቧ ወዲያው የሚከፍት ሲሆን፣ ሌላው በየቀኑ እየተወሰደ እብጠቱን የሚያስታግስና ሕመሙ እንዳይነሳ የሚከላከል ነው። ሐኪም ያዘዘውን «ቤቱን አጽድተናልና» በማለት በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አደጋ አለው። ልጁ መናገር እስኪያቅተው ትንፋሽ ካጠረው፣ ሲተነፍስ በጎድኖቹ መካከል ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።

ውድ አንባቢያን፣ የዚህ ወር የቤት ሥራችን አንድ ነው። በመጀመሪያው ፀሐያማ ቀን የልጃችንን ፍራሽና ትራስ ደጅ እናውጣ። አባትም ፍራሹን በአንድ ጫፍ ይያዝ፤ ይህ ሥራ ለእናት ብቻ የተተወ አይደለም። ትልልቆቹ ልጆች ይምቱት፣ ያራግፉት። ጎረቤት «ምን ሆናችሁ ነው?» ብሎ ሲጠይቅም ይህንኑ ንገሩት። በእሱም ቤት ሌሊት የሚያስል ልጅ ሊኖር ይችላልና።

አላህ ለታመሙ ልጆቻችን ዓፊያ፣ ላልተኙ እናቶቻችንም ዕረፍት ይስጥልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።